የፊት እግሩ ሲጥ ሲጥ የሚል መኪና፦ መቼ ይነዳል? መቼ ይቁም?

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ዳገቷም ቁልቁለቷም ጥቂት ነው፤ መኪናም በውስጧ በዝግታ ነው የሚሄደው። በዚህ ምክንያት የፊት እግሩ (የፊት ጎማዎችን የሚይዙት ክፍሎች) የተጎዳ መኪና ለወራት ሲጥ ሲጥ እያለ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ሾፌሩም ድምፁን ይለምደውና መስማት ይተዋል። ጉዳቱ የሚወጣው ያው መኪና ሰው ጭኖ የጎንደርን 180 ኪሎ ሜትር ሲጀምር ወይም ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ነው። በኮብልስቶን ላይ ሲጥ ከማለት ያላለፈ የተበላ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ባለ ኳስ የብረት መጋጠሚያ) በ80 ፍጥነት ቢወልቅ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መሪ መያዝ ምንም አያድንም።

ውሳኔው የሚቆመው በሁለት ጥያቄ ላይ ነው። የሚጮኸው ክፍል ጎማውን ወይም ፍሬኑን የሚይዝ ነው? ከሆነስ ላልቷል ወይ? የደረቀ ላስቲክ ለሳምንታት ሲጥ ሊል ይችላል፤ ጆሮ ያስመርራል እንጂ ሰው አይጥልም። ግራሶው አልቆ ብረት ለብረት የሚፋተግ ቦል ጆይንትም ያንኑ ሲጥታ ያሰማል። ሁለቱን በጆሮ ብቻ መለየት አይቻልም፤ በእጅና በክሪክ ግን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይለያሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለቪትዝ፣ ለያሪስ፣ ለኮሮላና ለመሰሎቻቸው ነው፤ ሃይሉክስና ሌሎች ፒክአፖች ላይ የሚለየውን በየቦታው እንጠቅሳለን።

መኪናው ከቆመበት የማይነሳባቸው ሁኔታዎች

ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ይዩ። አንዱ ብቻ ካለ አይንዱ፣ «ጋራዥ ቅርብ ነው» ብለውም አይሞክሩ።

– ፍሬን ሲይዙ የነበረው ሲጥታ ቀርቶ «ገርርር» የሚል፣ ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ ከመጣ።
– የፍሬን ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ካለ ወይም ሲረገጥ ከለሰለሰ፤ ከጎማው የውስጥ ጎን ዘይት ከተንጠባጠበ።
– ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን በኃይል ከጎተተ።
– መሪው እየዞረ ጎማው የማይከተለው ባዶ እንቅስቃሴ ከበዛ።
– ከፊት ሲያዩት አንዱ ጎማ ከላይ ወይም ከታች ወደ ውስጥ ከተዘመመ።
– አጭር መንገድ ነድተው ሲቆሙ የአንዱ ጎማ ቸርኬ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለውና የሌላኛው ቀዝቃዛ ከሆነ።
– ለሳምንታት ሲጥ ሲል የከረመው በራሱ ጊዜ ዝም ብሎ በምትኩ «ኳ» ማለት ከጀመረ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል። ድምፁ ሲጠፋ መኪናው የዳነ ይመስላል። የሆነው ግን ይፋተግ የነበረው ብረት ተበልቶ መሃሉ ክፍተት መፈጠሩ ነው። ሲጥታ ወደ ኳታ ከተለወጠ ጉዳቱ ወደ ፊት ሄዷል።

እንዲህ ያለ መኪና በገመድ መጎተትም አይሆንም፤ በገመድ የሚጎተት መኪና ያንኑ መሪና ያንኑ ፍሬን ይፈልጋልና። ወይ በክሬን ይነሳ፣ ወይ ሜካኒኩ መሣሪያውን ይዞ ወደ መኪናው ይምጣ።

ድምፁ መቼ እንደሚመጣ መለየት

ሜካኒክ ዘንድ ሄዶ «ከፊት ይጮኻል» ማለት ብዙ አይረዳም። «ፍሬን ስይዝ»፣ «መሪ ሳዞር»፣ «ጉብታ ስወጣ» ብሎ መናገር ግን የሥራውን ግማሽ ይጨርሳል፤ ያልተበላሸ ዕቃ ከመቀየርም ያድናል።

ምርመራውን ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ ይጀምሩ። ቀን ሲነዳ የዋለ ላስቲክ ሞቆ ይለሰልስና ድምፁን ይደብቃል። ክረምትም እንዲሁ ያታልላል፦ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ የሚነካው ጎሚኒ (በብረት መጋጠሚያዎች መሃል የሚገባው ላስቲክ) ዝም ይልና ጥቅምት ላይ ሲደርቅ መጮህ ይጀምራል። ሬዲዮ ይጥፋ። ክሪክና መፍቻ ከዕቃ መጫኛው ይውጡ፣ እነሱም ይጮኻሉ። አንድ ረዳት ያስፈልግዎታል።

1. መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ሞተሩን ብቻ ያስነሱ። ድምፁ እዚሁ ካለና ነዳጅ ሲሰጡት አብሮ ከፈጠነ የእግር ጉዳይ አይደለም፤ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ወይም የቺንጋው ኩሽኔታ (ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ነው።

2. ሞተሩ እንደተነሳ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ያዙሩ። ጥግ ላይ ሲደርስ አጥብቀው አያቆዩት። ረዳትዎ አንዴ ከኮፋኖው በላይ፣ አንዴ ከጎማው ኋላ ያዳምጥ።

3. ሞተሩን አጥፍተው በፊት መብራቱ በኩል ያለውን ጥግ በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት፤ አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ። ሲጥታው ከዚህ ከመጣ ጎሚኒ፣ ቦል ጆይንት ወይም የአሞርዛተር (መወዛወዙን የሚያበርደው ክፍል) መቀመጫ ነው። ከለቀቁት በኋላ መኪናው ከሁለት ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ ደግሞ አሞርዛተሩ ራሱ ደክሟል።

4. ሁለቱም ወገን የግንብ አጥር ባለበት ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ በ10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንዱ። ግንቡ ድምፁን ስለሚመልሰው ጥሩ ይሰማል። አንዴ የግራውን መስኮት ብቻ፣ ሲመለሱ የቀኙን ብቻ ከፍተው ያዳምጡ፤ የትኛው ጎን እንደሆነ ይለያል።

5. ሰውና ባጃጅ በማይበዛበት አስፋልት 40 ደርሰው ፍሬን በቀስታ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ። ለዚህ ሙከራ ወደ ቤዛዊት ቁልቁለት አይሂዱ፤ ፍሬኑ የሚያጠራጥር መኪና የሚሞከረው ሜዳ ላይ ነው።

6. እስካሁን ድምፁ ካልታወቀ 60 ደርሰው በሰፊ ኩርባ ላይ ያዳምጡ። በፍጥነት የሚጨምር፣ ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚጎላና ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሚቀንስ ጉምጉምታ በአብዛኛው የቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ የመኪናው ክብደት በቀኙ ላይ ይወድቃልና። ተቃራኒው ከሆነ የግራው ነው።

ፍሬን ሲያዝ የሚጮኽ

አዲስ የፊት ፍሬን ሸራ (ፍሬን ሲረገጥ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ የሚጨምቀው)፣ የጀርባ ብረቱ ሳይቆጠር፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ዲስኩን እየነካች ቀጭን ፉጨት እንድታሰማ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። የምትታወቀው በዚህ ነው፦ ሲነዱ ትጮኻለች፣ ፍሬን ሲረግጡ ድምፁ ይለወጣል ወይም ይጠፋል። ይህን ከሰሙ በከተማ ውስጥ በዝግታ ነድቶ ሸራ ማስቀየር ይቻላል፤ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ግን አይወጣም። ርካሽ ሸራ ላይ ምላሷ ላትኖር ስለምትችል ዝምታን ማስረጃ አያድርጉ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ይዩ፤ መፍሰስ ሳይኖር ዘይቱ ወደ ታችኛው መስመር ከወረደ ሸራው ተበልቶ የሚገፋው ፒስተን ወጥቷል ማለት ነው። ሸራውን ሳያዩ ዘይት መሙላት ይህን ምልክት ያጠፋል።

ዝናብ ካደረ ወይም መኪናው ታጥቦ ካደረ ጠዋት የሚሰማው ጩኸት ዲስኩ ላይ የያዘ ስስ ዝገት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ይፍቁታል። ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ።

ከአስፋልት ወጥተው በጠጠር መንገድ ሲመለሱ በድንገት የሚጀምር፣ ፍሬን ቢይዙም ባይዙም የማይቋረጥ ኃይለኛ ጩኸት ብዙ ጊዜ ጠጠር ነው። በዲስኩና ከኋላው ባለው ቀጭን የቆርቆሮ መከለያ መሃል ይገባል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲነዱ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ካልወደቀ ጎማው ይፈታና መከለያው በእጅ ወደ ውስጥ ይገፋል። ይህ አያሰጋም፣ ግን ዲስኩን ይፍቃልና በዚያው ቀን ይውጣ።

በአንድ ጎማ ላይ ካሉት ሁለት ሸራዎች አንዱ ከሌላው በጣም ቀጥኖ ከተገኘ ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ብዙ ጊዜ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በአቧራ ደርቀው ተይዘዋል። ሸራ ብቻ ቀይሮ የሚመልስ ሜካኒክ ጋ ከወራት በኋላ በዚያው ችግር ይመለሳሉ።

ጎማውን አንስቶ መላላትን መፈተሽ

የምርመራው ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ መኪናው ይነዳል ወይስ አይነዳም የሚለውም የሚቆረጠው እዚህ ነው።

ኮብልስቶንና ሣር ላይ ክሪክ ይዘማል። ቦታው ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ይሁን፤ ካልተገኘ ከክሪኩ ሥር ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ ያስገቡ። የኋላ ጎማዎችን ከፊትና ከኋላ በታኮ ያግዱ። ክሪኩ ካነሳው በኋላ የብረት ማቆሚያ ከሻንሲው ሥር ይግባ፤ ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር እጅም ቢሆን አይገባም። ድንጋይና ብሎኬት ማቆሚያ አይሆኑም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል።

በቪትዝና በኮሮላ ሞላው በአሞርዛተሩ ላይ ስለተቀመጠ ጎማው ተንጠልጥሎ መፈተሽ ይቻላል። ሞላው በታችኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ላይ ለተቀመጠባቸው ፒክአፖች ግን ክሪኩ ራሱ ከታችኛው አርም ሥር፣ ወደ ጎማው ቀረብ ብሎ ያንሳ። አለበለዚያ ሞላው ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ይይዘውና የላላው የጠበቀ ይመስላል። በዚህ ስህተት «ደህና ነው» ተብለው የሚመለሱ መኪኖች አሉ።

1. ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁ። እንቅስቃሴ ከተሰማ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፣ እርስዎም እንደገና ይነቅንቁ። ፍሬን ሲረገጥ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ወይም የአርም ጎሚኒ ነው።

2. ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዘው ይነቅንቁ። በዚህ በኩል ብቻ የሚላላ ከሆነ ቴስቲናው ነው፣ ማለትም የመሪ ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጫፍ፤ ወይም ከላስቲክ ቱቦው ውስጥ ያለው የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ነው። ረዳቱ ሲነቀንቅ እርስዎ ቴስቲናው ላይ ጣት ያሳርፉ፤ ዓይን ያላየው መላላት ጣት ላይ «ጢቅ» ይላል።

3. ከጎማው ሥር ረጅም ጠንካራ ብረት አስገብተው ወደ ላይ ፈንቀል ያድርጉ። ታችኛውን ቦል ጆይንት ይመልከቱ። ዓይን የሚያየው ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት ካለ መኪናው እዚያው ይቁም።

4. የቦል ጆይንቱንና የቴስቲናውን የላስቲክ ጫማ በባትሪ መብራት ይዩ። የተቀደደ ላስቲክ ውስጥ አቧራና ውኃ ይገባል፤ ግራሶው ከአቧራው ጋር ሆኖ ብረቱን እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል። ላስቲኩ ተቀዶ ገና ያልላላ ቦል ጆይንት ለአጭር ጊዜ በከተማ ይነዳል፤ ቀኑ ግን ተቆጥሯል። ላስቲኩን ብቻ በአዲስ መተካት የሚያዋጣው በተቀደደ በጥቂት ቀን ውስጥ ከተደረሰበት ነው።

5. ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩትና ሌላኛውን እጅ ሞላው ላይ ያሳርፉ። የሻከረ ኩሽኔታ በሞላው በኩል ንዝረቱ ይሰማል።

ግራሶ የሚገባበት ኒፕል ያላቸው የቆዩ ፒክአፖች ላይ ሲጥ የሚለው ቦል ጆይንት ካልላላ ግራሶ ሲመታ ይድናል። አሮጌው ቆሻሻ ተገፍቶ ወጥቶ ንጹሑ እስኪታይ ይምቱ፣ ላስቲኩ እስኪፈነዳ ግን አይደለም። ጎርፍ ወይም ወንዝ ያቋረጠ መኪና ጊዜው ባይደርስም ግራሶ ይመታለት። አውቶሞቢሎች ላይ ያሉት ቦል ጆይንቶች ግን የታሸጉ ናቸው። ላስቲካቸውን በመርፌ በስቶ ዘይት መክተት ለሁለት ሳምንት ዝም ያሰኛቸዋል፤ ቀዳዳው ደግሞ ለውኃ መግቢያ ይሆናል።

ጎሚኒ፦ በብዛት የሚጮኸውና በብዛት ያለአግባብ የሚታከመው

ጉብታ ሲወጡ፣ ግቢ ሲገቡ፣ በዝግታ ሲሄዱ ሲጥ የሚል፣ ጎማውን አንስተው ሲነቀንቁት ግን ምንም ያልላላ መኪና በአብዛኛው ጎሚኒ ነው። ሦስት ቦታ ይፈልጉት፦ የስታቢላይዘሩ ዘንግ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይዘም የሚይዘው) ከሻንሲ ጋር የሚታሰርባቸው ሁለት ጎሚኒዎች፣ የታችኛው አርም ጎሚኒዎች፣ እና በአሞርዛተሩ አናት ላይ ያለው መቀመጫ።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከውኃ የተሻለ መሣሪያ የለም። በጠርሙስ ውኃ ይዘው አንዱን ጎሚኒ ብቻ ያርሱ፣ ጥጉን እየተጫኑ ያዳምጡ። ዝም ካለ አግኝተውታል። ካላለ ወደ ሚቀጥለው ይለፉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካራሱ ሁሉም ዝም ይልና ምንም አያውቁም።

የስታቢላይዘር ጎሚኒ ሲጥ ቢል መኪናው ይነዳል፤ ኩርባ ላይ ትንሽ ዘንበል ይል ይሆናል እንጂ ጎማ አይለቅም። የታችኛው አርም ጎሚኒ ግን ይመርመር። ላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ብቻ ከሆነ ጊዜ አለ። ላስቲኩ ከመሃል ቱቦው ተላቆ ከሆነ ፍሬን ሲይዙ አርሙ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናውም ይጎትታል፤ ያን ጊዜ ከከተማ አይወጣም።

አሁን ስለ ናፍጣ። መኪና ታጥቦ ሲያልቅ ከሥሩ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት የማስረጨት ልማድ አለ፤ ድምፁም በዚያው ሰዓት ይጠፋል። የነዳጅ ዘር የሆነ ሁሉ የተፈጥሮ ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ በመጨረሻም ያፈርሰዋል። ለአንድ ወር ዝምታ ሲባል ዓመታት የሚያገለግል ጎሚኒ ይበላሻል። በዘይት ላይ የተጣበቀ አቧራ ደግሞ የተቀደደ ላስቲክንና የሚፈስ ዘይትን ስለሚሸፍን ቀጣዩን ምርመራ ያበላሻል። ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ከጣና ዳር ሲሠራ ነው፤ የተረጨው ዘይት ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ከዚያ ሐይቅ ሰው ዓሣ ይበላል። ጎሚኒ የግድ ማለስለሻ ካስፈለገው የሲሊኮን ስፕሬይ ብቻ ይጠቀሙ፤ ፍሬን ዲስክና ሸራ ላይ ግን ጠብታም አይንካ።

መኪናውን ሐይቅ ወይም ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብም ኩሽኔታ ይገድላል። ከመንገድ የመጣ የሞቀ ኩሽኔታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና በማሸጊያው በኩል ውኃ ይስባል።

ጎሚኒ ሲቀየር አንድ ነገር ቆመው ይጠብቁ። የአርሙ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጣቸው መኪናው ወርዶ ክብደቱ በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከታሰረ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል። አዲሱ ጎሚኒ በጥቂት ወር ውስጥ ይተረተርና «ዕቃው አይረባም» ይባላል።

የቀሩት ባጭሩ

መሪ ሲዞር ከአሞርዛተሩ አናት የሚመጣ ጩኸት ወይም የሞላ «ድንግ» ማለት የመቀመጫው ኩሽኔታ ነው፤ ይነዳል፣ በተመቸ ጊዜ ይቀየራል። ጎማ ጥግ ድረስ ዞሮ ሲነሳ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሞተሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ነው። ላስቲኩ ተቀዶ ግራሶው ቸርኬው ውስጥ ተረጭቶ ያገኙታል፤ በከተማ ይነዳል፣ ረጅም መንገድ አይታመንም። የሚጮህ ቺንጋ ላይ ሞተሩ እየሠራ በመስመራማው ጎኑ በኩል ጥቂት ውኃ ጠብ ያድርጉ፤ እጅና ነጠላ ግን ይራቅ። ድምፁ ለአፍታ ከጠፋ ቺንጋው ወይም መዘውሩ መስመር ስቷል፤ ከባሰ ቺንጋው ላልቷል። ቺንጋ መሪን በዘይት በሚታገዝ መኪና ላይ ሊያከብድ ይችላል እንጂ ፈጽሞ አይነጥቅም፣ ግን ብዙ ሞተሮች ላይ ዲናሞውን፣ አንዳንዶቹ ላይ የውኃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣ መኪኖች ላይ የመሪውን ዘንግ መጋጠሚያዎችና ቡሎኖቻቸውን ለብቻ ያስፈትሹ። እዚያ ያለ ሲጥታ ከጋቢና ውስጥ፣ ከፔዳሎቹ በላይ ይሰማል። ቡሎኑ ላልቶ ከተገኘ እስኪታሰር ድረስ አይነዳም።

ሸራ መቀየር

1. መኪናው ሳይነሳ የጎማውን ዳዶዎች ግማሽ ዙር ያላሉ። ከዚያ ቀደም ሲል እንደተባለው ያንሱት፣ ማቆሚያ ያስገቡ፣ ጎማውን ይፍቱ።

2. የካሊፐሩን ቡሎኖች ይፍቱ፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ 14 ቁጥር መፍቻ ነው። ካሊፐሩን በፍሬን ቱቦው አያንጠልጥሉት፣ በሽቦ ከሞላው ጋር ይሰሩት።

3. የፍሬኑን አቧራ በአየር አያስነፉ፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

4. ዲስኩን ይለኩ። ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ከዚያ በታች የሆነ፣ ወይም ቶርኖ ቤት ተላልጦ ከዚያ በታች የሚወርድ ዲስክ ይጣላል።

5. ፒኖቹን አውጥተው ያጽዱ፤ ለፍሬን የተሠራ ወይም የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀቡ። ተራ ግራሶ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጥና ፒኑን መልሶ ያስይዘዋል።

6. የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሞልቶ ከሆነ ጥቂት ቀንሰው ፒስተኑን በቀስታ ወደ ውስጥ ይግፉ። የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

7. ሸራው በግራም በቀኝም ይቀየር። ሙቀት የሚችል ግራሶ በሸራው የጀርባ ብረትና በሚንሸራተትባቸው ጆሮዎች ላይ በስሱ ይቀባል፤ ዲስኩን በሚነካው ፊት ላይ ግን ምንም።

8. ጎማው ሲገጠም ዳዶዎቹ በማቋረጥ፣ አንዱን አጥብቀው ከፊት ለፊቱ ያለውን እያስከተሉ ይታሰራሉ። ለብዙ የቶዮታ አውቶሞቢሎች 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌለ በ25 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 42 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። 70 ኪሎ ሰው በሙሉ ክብደቱ ከቆመበት በጣም ያልፋል፤ ቡሎን የሚበጠሰውና ዲስክ የሚጣመመው በዚህ ነው።

9. መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ይወርዳል። ከዚያ ለ300 ኪሎ ሜትር ያህል ድንገተኛ ፍሬን ካልተገደዱ በቀር ያስወግዱ።

ዕቃ ሲገዙ

አሮጌውን ፈትተው ይዘው ይሂዱ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ይያዙ። የቦል ጆይንቱን እግር በእጅዎ ያዙሩት፤ አዲስ ከሆነ በጥብቀት ይዞራል እንጂ አይወዛወዝም። ላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ካለ መደርደሪያ ላይ ደርቋል፣ አይግዙት። ቦል ጆይንትና ቴስቲና ያገለገለ አይገዛም። ተቀጥቅጦ ወይም ተበይዶ መላላቱ የተደበቀም አይቀበሉ፤ ብየዳው የጠነከረውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል። ሲገጠም ዳዶው እንዳይፈታ የሚያስረው የሽቦ ቁልፍ አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ተቃንቶ አይመለስ። አሞርዛተር ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል።

ከጥገና በኋላ

ቴስቲና፣ አርም ወይም አሞርዛተር ከተነካ አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) የግድ ነው፤ አለበለዚያ አዲስ ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ከአንድ ጎን ይላጣል። ረጅም መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ባዶ መኪና ይዘው መሸንቲ ደርሰው ይመለሱ። ሲቆሙ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ሙቀት መቀራረብ አለበት። አንዱ በጣም ከሞቀ ካሊፐሩ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ታስሯል፣ ወደ ጋራዥ ይመለስ። ከተመለሱ በኋላ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ የጎማውን ዳዶዎች ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለኩ።